ባለ ማጣቀሻ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አሕዛብ መዳን ለሚያጠና ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

ባለ ማጣቀሻ መጽሐፍ ቅዱስ ሲገዛ ሽፋኑ ይታያል፣ የፊደሉ መጠን ይታያል፣ በኅዳጉ (በገጹ ዳር) ተጽፎ ወደ ተዛማጅ ጥቅሶች የሚልከው ማጣቀሻ ግን ሳይፈተሽ ወደ ቤት ይሄዳል። እዚህ የምንመዝነው እሱን ነው፤ መመዘኛችንም አንድ ነው። እግዚአብሔር አሕዛብን (ከእስራኤል ውጭ ያሉትን ሕዝቦች) ሁሉ ለማዳን ያለውን ሐሳብ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ መከተል የሚፈልግን አንባቢ ኅዳጉ በትክክል ይመራዋል ወይ?

መፈተኛው ገጽ ሮሜ 15 ነው። ጳውሎስ ከቁጥር 9 እስከ 12 አራት ጥቅሶችን ያከታትላል፦ መዝሙር 18፥49፣ ዘዳግም 32፥43፣ መዝሙር 117፥1 እና ኢሳይያስ 11፥10። ከሕግም፣ ከመዝሙርም፣ ከነቢይም ምስክር ጠርቶ አሕዛብ ከጥንት በተስፋው ውስጥ እንደነበሩ ያስረዳል። ደህና ማጣቀሻ አራቱንም በየቁጥራቸው ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ጥቅስ በ2ኛ ሳሙኤል 22፥50 ላይም ስላለ፣ እሱንም የጨመረ እትም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ከአራቱ አንዱ የጎደለበትን ግን ለዚህ ጥናት አንመክርም።

ቀጥሎ ዘፍጥረት 12፥3ን ይክፈቱ። «የምድር ነገዶች ሁሉ በአንተ ይባረካሉ» ከሚለው አጠገብ 18፥18፣ 22፥18፣ 26፥4 እና 28፥14 መኖር አለባቸው። ተስፋው ለይስሐቅና ለያዕቆብም እንደተደገመ የሚታየው በእነዚህ ነው። ከአዲስ ኪዳን ደግሞ ሐዋርያት ሥራ 3፥25 እና ገላትያ 3፥8 ሊቀሩ አይገባም። ማጣቀሻው ከገላትያ ወደ ዘፍጥረት እየመለሰ ከዘፍጥረት ወደ ገላትያ የማያሻግር ከሆነ ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ከብሉይ ኪዳን ጀምሮ የሚያነብ ሰው አሕዛብ በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስ ቤት (ሐዋርያት ሥራ 10) በድንገት የገቡ ይመስለዋል። ረዓብ፣ ሞዓባዊቱ ሩት፣ ሶርያዊው ንዕማን፣ ከመቶ ሀያ ሺህ የሚበልጡት የነነዌ ሰዎች፣ ሰሎሞን በ1ኛ ነገሥት 8፥41-43 ስለ እንግዳው ያቀረበው ጸሎት፣ ሁሉም እንደ ተበታተነ ታሪክ ይቀሩበታል።

ኅዳጉ አንባቢን የሚያስትባቸው ቦታዎችም አሉ። ኢሳይያስ 19 ጥሩ ምሳሌ ነው። በቁጥር 25 «ሕዝቤ ግብጽ፥ የእጄም ሥራ አሦር» የሚለው ድንቅ ቃል ይገኛል፤ ምዕራፉ የሚጀምረው ግን በግብጽ ላይ በሚወርድ ፍርድ ነው፣ ቁጥር 22ም መምታቱንና መፈወሱን አንድ ላይ ያነሣል። ወደ ቁጥር 25 ብቻ የሚልክ ማጣቀሻ ምሕረቱን ከፍርዱ ይነጥለዋል። ማቴዎስ 10፥5ም እንዲሁ ነው፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ወደ አሕዛብ እንዳይሄዱ ያዛል። እዚያ 15፥24 ብቻ ከተጻፈ አንባቢው ግራ ይጋባል። 28፥19 እና ሮሜ 15፥8-9 ሲጨመሩ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይሆናል፦ ለአባቶች የተሰጠው ተስፋ መጽናቱ ለአሕዛብ ምሕረት በር ከፈተ።

ማጣቀሻ ሊያሳየው የማይችለውም ነገር አለ። ማርቆስ 11፥17፣ ማቴዎስ 21፥13 እና ሉቃስ 19፥46 ሦስቱም ወደ ኢሳይያስ 56፥7 ይልካሉ፤ «ለአሕዛብ ሁሉ» የሚለውን ሳይተው የጻፈው ግን ማርቆስ ብቻ ነው። ይህ የሚታወቀው ሦስቱን ጎን ለጎን ገልጦ በማንበብ ነው። ኢሳይያስ 56 ጋ ከደረሱ ደግሞ ከቁጥር 3 ይጀምሩ። ስለ መጻተኛውና ስለ ጃንደረባው ይናገራል፤ በሐዋርያት ሥራ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ያነብ ከነበረው ከምዕራፍ 53 ብዙ አይርቅም። ይህን ከሐዋርያት ሥራ 8 ጋር የሚያያይዝ ኅዳግ ካገኙ ያንን እትም አይልቀቁት።

ከመጽሐፉ በስተጀርባ የሚታከለው የቃላት ማውጫ ለዚህ ርእስ ደካማ ነው። ብዙውን ጊዜ የተመረጡ ጥቂት ጥቅሶችን ብቻ ይይዛል፣ አሕዛብ የሚፈረድባቸውንና የሚባረኩባቸውንም ሳይለይ ይደረድራል። የስልክ መተግበሪያ ፍለጋ ይሻላል፤ የራሱ ጣጣ ግን አለው። «አሕዛብ» እና «አህዛብ» ለየብቻ መፈለግ አለባቸው። «ሙሉ ቃል» የሚለው ምርጫ ከተመረጠ «ለአሕዛብ» እና «አሕዛብም» አይወጡም። ራእይ ላይ ነገድን፣ ቋንቋን፣ ወገንንና ሕዝብን አንድ ላይ የሚጠራው አነጋገር ሰባት ጊዜ ይመጣል (5፥9፣ 7፥9፣ 10፥11፣ 11፥9፣ 13፥7፣ 14፥6፣ 17፥15)፤ ቅደም ተከተሉ በየቦታው ስለሚለያይ፣ ሁለት ጊዜም ከቃላቱ አንዱ በሌላ ስለሚተካ፣ ሐረጉን እንዳለ ጽፎ የሚፈልግ አንዱን ብቻ ያገኛል። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ጽፎ ፍለጋውን በራእይ መጽሐፍ መወሰን ይበጃል።

ራእይ 21፥24-27 በአንድነት መነበብ አለበት። አሕዛብ በከተማይቱ ብርሃን ይመላለሳሉ፤ ርኩሰት ግን አይገባባትም። ወደ ቁጥር 24 ልኮ 27ን የሚተው ማጣቀሻ፣ መዳን ለሕዝብ ሁሉ መቅረቡን ሁሉም ያለ እምነት ይድናል ወደሚል ትምህርት ሊያንሸራትት ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት የመዝሙሩን አቆጣጠርም ይዩ። ከመዝሙር 10 እስከ 147 ባለው አብዛኛው ክፍል የዕብራይስጡና የሰብዓ ሊቃናቱ (የጥንቱ የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር በአንድ ይለያያሉ፤ በአንዱ 117 የሆነው በሌላው 116 ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች በምዕራፉ ራስ ላይ የሚጽፍ እትም ይምረጡ። የሚጽፍ ከሌለ፣ ጥቅሱ ሲጠፋብዎ አንድ ምዕራፍ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ይፈልጉት።