ጅማ ገበያ ላይ ያለው በእጅ የተሰፋ የውሃ ቀለም ደብተር

የደብተሩ ሠሪዎች ወረቀቱ ላይ አልሰሰቱም። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ነው፤ ውሃ ቢጠግብም ብዙ አይጎብጥም፣ ቀለሙም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጠርዙን ለማለስለስ ፋታ ይሰጣል። እንዲህ ስለወፈረ በአንድ ጥራዝ፣ ማለትም አንድ ላይ ታጥፎ በሚሰፋ የሉህ ክፍል፣ ሁለት ሉህ ብቻ ነው የታጠፈው። አራት ቢደራርቡ ጀርባው አብጦ ደብተሩ አልዘጋ ይል ነበር።

ክሩ በሰም ታሽቷል፤ ስፌቱ አይላላም። ሲከፈት ጠፍጣፋ ይተኛል፣ ሁለቱን ገጽ አገናኝቶ መሳል ይቻላል። ብቻ መሃሉ ላይ ውሃ አያጠራቅሙ፤ በመርፌው ቀዳዳ ሾልኮ የኋላውን ስዕል ያበላሻል።

ችግሩ ሽፋኑ ነው። ካርቶኑ ጨርቅ የለበሰው በውጭ በኩል ብቻ ስለሆነ ኮላው ሲደርቅ ጨርቁ ስቦ አጉብጦታል። በውስጥ በኩልም ወረቀት ለጥፈው ከባድ ነገር ጭነውበት ቢያሳድሩት ይቃና ነበር። ይህን መዝለል ስንፍና ነው፤ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም።

የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ አይጣል ነው። ገጹ በእጅ ሲነካ ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም፤ ከዘጉት ይሻግታል። በላስቲክ መጠቅለልማ ጨርሶ አይሞከርም።