ሶኒ ኤችቲ-ኤስ20አር፦ አምስት ስፒከር ገዝቶ በሁለት መስመር ላለመስማት

የዚህ ሆም ቴአትር ካርቶን ላይ «400 ዋት» እና «5.1» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ የሚያደምቅላችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ ገንዘብ የምትከፍሉት ግን ለሁለተኛው ነው። አምስቱ የድምፅ መስመሮች ከፊት ግራ፣ መሃልና ቀኝ፣ ከኋላ ደግሞ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ነጥብ አንዷ ለቤዝ ብቻ የተለየች ናት። በዚህ ዕቃ ሦስቱ የፊት መስመሮች ባሩ ውስጥ፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር በሚቀመጠው ረጅም ስፒከር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የኋላዎቹ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ናቸው። ቤዙ ራሱን የቻለ ሳጥን ሲሆን ማጉያውን የያዘውም እሱ ስለሆነ የባሩም የኋላዎቹም ሽቦ ወደ እሱ ይገባል። ከስልክ በብሉቱዝ፣ ከቴሌቪዥን በኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን በሚያሳልፍ ገመድ) ወይም በኤችዲኤምአይ ይቀበላል። ዋይፋይና ዶልቢ አትሞስ (ከላይም የሚመጣ ድምፅ) የለውም፤ ዲቲኤስ የሚባለውን የፊልም ድምፅ አቀዳድም አይፈታም። ያለችው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አንዲት ናት፤ እሷም ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻ የምትገናኝ ስለሆነች ዲኮደሩም ፕሌይስቴሽኑም የሚሰኩት ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

በኮንዶሚኒየም ሳሎን ፊልምና ኳስ ለሚያይ ቤተሰብ በዝቅተኛ በጀት የምንመርጠው ይህን ነው። ነገር ግን 5.1 ድምፅ ካላበሉት 5.1 አያወጣም። ስንቱ ቤት ይኸው ዕቃ ከተገዛ ጀምሮ በሁለት መስመር ሲዘፍን ይከርማል፤ ከኋላም ትንሽ ነገር ስለሚሰማ ማንም አይጠረጥርም።

ስለ ዋቱ በአጭሩ። ርካሽ ሆም ቴአትሮች ላይ 10,000 ወይም 20,000 «ፒኤምፒኦ» የሚል ተለጥፎ ታያላችሁ። ይህ በወረቀት ላይ ለቅጽበት የሚሰላ ቁጥር እንጂ ስፒከሩ የሚያወጣው ኃይል አይደለም። ዕቃውን አዙራችሁ ከመብራት ስንት ዋት እንደሚወስድ ጀርባው ላይ አንብቡ፤ ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 1,000 ዋት ከየት ያመጣል? የሶኒው 400ም የሁሉም መስመሮች ድምር ነው፤ ለ14 ካሬ ሜትር ሳሎን ይተርፋል።

ከዚህ ሌላ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው ባለ 2.1 ሳውንድ ባር ነው። የምታዩት የሀገር ውስጥ ቻናልና ዩቲዩብ ብቻ ከሆነ፣ ሽቦ ወደ ኋላ ማሳለፍም ካልፈለጋችሁ፣ እሱን ገዝታችሁ ብሩን አትርፉ፤ ቻናሎቹና ዩቲዩብ በአብዛኛው የሚመጡት በሁለት መስመር ነው። ሁለተኛው ያገለገለ ኤቪ ሪሲቨር ነው፤ ያማሃ፣ ዴኖን፣ ኦንኪዮ የመሳሰለው። እኛ ዘንድ ሪሲቨር ሲባል የዲሽ ሳጥን ስለሚያመጡላችሁ ሱቅ ስትጠይቁ አምፕሊፋየር በሉ። ከደህና ባፍል ጋር ከተገኘ ድምፁ ከሶኒው በብዙ ይበልጣል፤ ዲቲኤስንም አብዛኞቹ ይፈታሉ፤ አንድ ስፒከር ቢበላሽ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። የሚሠራው በ120 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ የኛ ቤት 220 ስለሆነ በቀጥታ ከተሰካ ያው መቃጠል ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ዕቃው ከሚወስደው ዋት እጥፍ የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ያ ደግሞ ከባድም ውድም ነው። ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ሳውንድ ባርም ከዚህ ምርመራ አያመልጥም። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት አያስቸግርም፤ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስላለው ግን አዳፕተር ይፈልጋል። አዳፕተሩ ልል ከሆነ እየፈነጠቀ ሶኬቱን ያቀልጠዋል።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ስልኩን በብሉቱዝ ያገናኝና ቤዝ የበዛበት ዘፈን ከፍቶ እስከ ጥግ ይወስደዋል። ደረት ይመታል፤ ደስ ይላል፤ ግን ብሉቱዝ የሚያሳልፈው ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ የሰማችሁት ሆም ቴአትር አይደለም። ይልቅ ዜና አስከፍቱ። ድምፁን ቤት ውስጥ በምትሰሙበት ልክ ዝቅ አስደርጉና ዐይናችሁን ጨፍኑ። አንባቢው የሚናገረው ከቴሌቪዥኑ ሥር ነው ወይስ ግማሽ ድምፁ ከቤዙ ሳጥን ይወጣል? የወንድ ድምፅ መሠረቱ በግምት ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ነው፤ ትንንሽ ስፒከር ደግሞ ከ120 በታች ብዙም ስለማይወርድ የቀረውን ለቤዙ ይጥልለታል። ርካሽ ዕቃ ላይ አንባቢው ጉሮሮው ወለል ላይ የወደቀ የሚመስለው ለዚህ ነው። ኤስ20አሩም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ስለዚህ ቤዙን ከኋላ ወይም ከሶፋ ጎን አትሸጉጡት፤ ቦታው ከባሩ አጠገብ ነው።

እቤት ከገባ በኋላ ከሽቦው ይልቅ የሚያደክመው የቴሌቪዥኑ ሜኑ ነው። የኤችዲኤምአይ ገመዱ የሚገባው ኤአርሲ (ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ ባሩ የሚመልስ) የሚል ጽሑፍ ባለበት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ወይም ከአራቱ በአብዛኛው አንዱ ላይ ብቻ ነው የሚጻፈው። ሌላው ላይ ከሰካችሁት ባሩ ዝም ይላል። ኤአርሲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ስለሆነ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ አታገኙትም፤ ያኔ ኦፕቲካል ተጠቀሙ። ቀጥሎ ሲኢሲ የሚባለው ይከፈት። ፋብሪካው ሁሉ የየራሱን ስም አውጥቶለታል፤ ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይለዋል። እሱ ከተከፈተ የባሩን ድምፅ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ትጨምራላችሁ፣ ትቀንሳላችሁ።

ከዚያ የዲጂታል ድምፅ አውትፑት የሚለውን ፈልጉ። እዚያ ላይ ፒሲኤም የሚል ከተመረጠ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ቴሌቪዥኑ አምስቱን መስመር ወደ ሁለት አጣጥፎ ይልካል፤ ባሩ ደግሞ የደረሰውን ሁለት መስመር በግምት ወደ ኋላም ይረጨዋል። ከኋላ «የሆነ ነገር» የሚሰማው ከዚህ የተነሳ ነው። ወደ ኦቶ፣ ቢትስትሪም ወይም ዶልቢ ዲጂታል ቀይሩት። ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ የሚለውን ግን አትንኩት፤ ይህ ባር የሚያነበው ተራውን ዶልቢ ዲጂታል ነው። ዲኮደሩም የራሱ የድምፅ ሜኑ አለው። እሱ በፒሲኤም ከላከ ቴሌቪዥኑ ምን ቢስተካከል ከሁለት መስመር በላይ አይመጣም።

መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱን መስመር ስም በተራ የሚጠራ የ5.1 መሞከሪያ ፋይል በፍላሽ አጫውቱ። የኋላ ግራ ሲል መሰማት ያለበት ከኋላ ግራው ብቻ ነው። ከፊትም ከኋላም ከወጣ የሚመጣው ሁለት መስመር ነው፤ ተመልሳችሁ ሜኑውን እዩ። በቀኙ ከወጣ የኋላዎቹ ሽቦ ተቀያይሯል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ኦፕቲካል የምትጠቀሙ ከሆነ የገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉትን የፕላስቲክ ክዳኖች አውልቁ። ሳያወልቁ በግድ ሲያስገቡት ቀዳዳው ይሰበራል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ በሌላኛው ጫፍ ቀይ ብርሃን መታየት አለበት። ገመዱን ደግሞ አጥፋችሁ አትቋጥሩት፤ ውስጡ ብርሃን የሚሄድበት ክር ስለሆነ ከተሰበረ አይጠገንም።

በፍላሽ ፊልም የሚያዩ ሰዎች የሚገጥማቸው ሌላ ነገር አለ። ምስሉ ይሄዳል፤ ድምፅ የለም። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም፤ የፊልሙ ድምፅ በዲቲኤስ የተቀዳ ነው። ሳምሰንግ ከ2018 ወዲህ ባወጣቸው ቴሌቪዥኖች ላይ ዲቲኤስን ትቶታል፤ ባሩም አይፈታውም። ፊልም ስታስጭኑ ድምፁ ኤሲ3 (የዶልቢ ዲጂታል ሌላ ስሙ) የሆነውን ምረጡ። ያለውን ማስተካከል ከፈለጋችሁ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ምስሉን ሳትነኩ ድምፁን ብቻ ወደ ኤሲ3 ቀይሩት፤ 640 ኪሎቢት ስጡት፤ የዶልቢ ዲጂታል ጣሪያው እሱ ነው።

የኋላዎቹ ስፒከሮች ቦታቸው ከትከሻችሁ መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ያለፈ፣ ከጆሯችሁም 60 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከወለል 1.6 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሶፋው ግድግዳ የተደገፈ ከሆነ ከጭንቅላታችሁ ጀርባ አትስቀሏቸው፤ በግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ፊት ለፊት ይተያዩ። ብሎኬት ስትበሱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አጭር ፊሸር ይወድቃል፤ ረጅሙን ግዙ።

ሽቦውን ሳትገዙ ለኩ። ሳሎኑ 3.5 በ4 ሜትር ነው እንበል። ቤዙ አንዱ ጥግ አካባቢ ካለ ግድግዳውን ይዞ እስከ ተቃራኒው የኋላ ጥግ 7.5 ሜትር ይሄዳል። መንገዱ ላይ በር ካለ ጉበኑን ወጥቶ ሲወርድ ሌላ 4 ሜትር ይጨምራል። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ካልደረሰ መቀጠል ይቻላል፤ ግን ቆርጦ መቀጠል ዋስትናውን እንደሚያሳጣ እወቁት። ባለ 1 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ለዚህ ርቀት ይበቃል፤ 10 ሜትር ሲዘረጋ ደርሶ መልሱ 0.34 ኦም ብቻ ነው። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስላለ ክሩን በምላጭ ፋቅ አድርጉ፤ ነጭ ከሆነ ተዉት። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ በብየዳ አያይዙና ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሉ። አንዱ ከተገለበጠ ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል። ምልክቱ የጠፋ ያገለገለ ባፍል ካላችሁ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ነካ አድርጉት፤ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ ያረፈበት ጫፍ ፖዘቲቩ ነው።

በተራ የድምፅ ጃክ ካገናኛችሁና ፊልም ሳይከፈት እምምም የሚል ከተሰማ የዲሹን ገመድ ከዲኮደሩ ንቀሉት። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ከዲሹ በኩል የሚዞር ኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ ኦፕቲካል ስትዞሩ ይቆማል፣ ብርሃን ኤሌክትሪክ አያሻግርምና። አፍና ድምፅ ካልገጠመ መጀመሪያ ብሉቱዙን አቋርጡና በገመድ አድርጉት፤ ካልተስተካከለም ቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ የድምፅ ማዘግያ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቱ ስለሚዘል ባሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ዲኮደሩን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በሚያገናኝ ቲቪ ጋርድ ላይ ሰብስቧቸው።

የቀረው ቤዙ ነው። ጥግ ላይ ከተወተፈ ይጮኻል፣ ግን አይጠራም። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ በራሱ ያገሳል፤ የድምፅን ፍጥነት (በሰከንድ 343 ሜትር) ለርዝመቱ እጥፍ፣ ለ8፣ ስታካፍሉ የሚመጣው ነው። በሽቦ ስለታሰረ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ቢሆንም ከጥጉ አንድ ሜትር ያህል ወደ መሃል ሳቡትና መጠኑን ዜና አንባቢው ላይ አስተካክሉ፤ ዘፈን ላይ ካስተካከላችሁት ሁልጊዜ ይበዛል። ታች ላለ ጎረቤት ደግሞ ሳጥኑን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀምጡት፤ ማታ ናይት የሚለውን ሁነታ ክፈቱ። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ባለበት ሳሎን አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ጥርር እያለ ከተመለሰ በሶፋውና በባሩ መካከል ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ ንግግሩን ከየትኛውም ሜኑ በላይ የሚያጠራው እሱ ነው።

ፊልሙ ላይ መኪና ሲነሳ ክርር የሚል ነገር ከሰማችሁ ስፒከሩ ፈነዳ ብላችሁ ወደ ሱቁ አትሩጡ። መጀመሪያ ቡፌውን ክፈቱ። ብዙ ጊዜ የሚንቀጠቀጡት ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ናቸው፤ ሥራቸው ጨርቅ አንጥፉ።