ለገጣፎ ያለችው የአሮጌ ሳንቲም ሱቅ

በለገጣፎ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ከምትገኝ አነስተኛ የአሮጌ ገንዘብ መሸጫ ሱቅ፣ በቻይናው ንጉሠ ነገሥት በቺያንሎንግ ስም የወጣ የናስ ሳንቲም በ800 ብር ገዛሁ። ባለሱቁ አጉሊ መነጽር አቀብለውኝ ሳልቸኩል እንድመረምረው መፍቀዳቸው እጅግ አስደስቶኛል። እንዲህ ያለው ሳንቲም የቀለጠ ናስ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚሠራ በመሆኑ ጠርዙ ሻካራ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ሠራተኞቹ ብዙውን በአራት ማዕዘን ቀዳዳው በዘንግ ላይ ሰክተው በሞረድ ያስተካክሉት ነበር፤ የሞረዱ ስስ ጭረት በገዛሁት ላይ እስካሁን ይታያል፣ በጀርባው ያለው የማንቹ (የዚያ ዘመን የቻይና ገዥ ሥርወ መንግሥት ሕዝብ) ጽሑፍም አልደበዘዘም። ባለሱቁ የእርጅና መልኩን በሚያጠፋ መንገድ በሎሚ ፈትገው አለማብራታቸው ትልቅ ውለታ ነው። ቅር ያሰኘኝ፣ አዳዲስ ቅጂዎችን ከጥንታውያኑ ጋር በአንድ ሣጥን ቀላቅለው በእኩል ዋጋ መሸጣቸው ነው።