ለልጅ ክፍል የሚሰቀል ሞዴል አውሮፕላን፦ ብረቱ፣ ፕላስቲኩ፣ እንጨቱ ወይስ ፎሙ?

ሞዴል አውሮፕላን ስንገዛ ሁላችንም ከላይ ነው ምናየው። ኮክፒቱን (የአብራሪውን ክፍል)፣ የመስኮቶቹን መስመር፣ ጭራው ላይ ያለውን አርማ፣ ሱቅ ውስጥም ፎቶ ላይም ሚያሳዩን ይሄንኑ ነው። ልጁ ግን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የሚያየው ሆዱንና የክንፉን ስር ነው። ስለዚ ለመደርደሪያ አሪፍ የሆነ ሞዴል ኮርኒስ ላይ ሲሰቀል ብዙ ጊዜ አይሆንም፣ ይሄን ንጽጽር ለመፃፍ የተነሳሁትም ለዛ ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ያዙልኝ፣ ክብደቱ ስንት ነው? ከስር ሲታይስ ምን ይመስላል? ዋጋና ያማረ ካርቶን ከዛ በኋላ ነው ሚመጣው።

በክብደት እንጀምር። ዳይካስት የሚባሉት የብረት ሞዴሎች ባብዛኛው ከዚንክ ቅይጥ ነው ሚሰሩት፣ እሱ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 6.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። የፕላስቲክ ኪቶች (ራሳችሁ የምትገጣጥሟቸው) የሚሰሩበት ፖሊስታይሪን 1.05 ግራም አካባቢ ነው፣ ባልሳ የሚባለው እንጨት ደሞ በአማካይ 0.16 ግራም። እኩል ቁራጭ ብትወስዱ ብረቱ የባልሳውን 40 እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው። በርግጥ የሞዴሉ ውስጥ ክፍት ስለሆነ ልዩነቱ ሙሉ ለሙሉ እንደዛ አይመጣም፣ ግን እጃችሁ ላይ ስታደርጉት ወዲያው ታውቁታላችሁ። ዳይካስት ሲይዙት ደስ ይላል፣ ቀለሙ ፋብሪካ ያለቀ ነው፣ ከካርቶን አውጥቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው፣ ለመደርደሪያ ከሆነ እኔም እሱን ነው ምመርጠው። ለኮርኒስ ግን አይሆንም ባይ ነኝ። አንድ ነገር ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ታች ሲደርስ በሰዓት ወደ 20 ኪሎሜትር ፍጥነት ይኖረዋል፣ ሹል አፍንጫና ቀጭን የክንፍ ጫፍ ያለው ግማሽ ኪሎ ብረት በዛ ፍጥነት የተኛ ልጅ ላይ ሲመጣ ማሰብም አልፈልግም። ደሞ ክር የሚታሰርበት ቦታ የለውም፣ ክንፉ ላይ ካሰራችሁት ይንሸራተታል፣ መብሳት ከፈለጋችሁ ብረት ነው ምትበሱት።

ፕላስቲኩ አንድ አይነት አይደለም፣ ሰው ብዙ ጊዜ ሚምታታበትም እዚ ጋ ነው። ኤርፊክስ፣ ሬቭል፣ ታሚያ ምናምን የሚሰሯቸው ኪቶች አሉ፣ ክፍሎቹ ፍሬም ላይ ተያይዘው ይመጣሉ፣ ትቆርጣላችሁ፣ በሙጫ ትገጥማላችሁ፣ ትቀባላችሁ። ስራ አለው፣ ቅዳሜና እሁድ ይበላል፣ ለትንሽ ልጅ ብቻውን አይሰጥም። ግን ለመስቀል ከታሰበ ሌላው የማይሰጠው ትልቅ ጥቅም አለው፦ የገላውን ሁለት ግማሽ ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጡ ትንሽ የሽቦ ቀለበት ማጣበቅ ትችላላችሁ፣ ከዛ ክሩ ከጀርባው ላይ በማይታይ ቀዳዳ ይወጣል፣ ምንም ነገር ተጠምጥሞበት አያስጠላም። ብዙዎቹ ኪቶች ደሞ ጎማው የወጣ ወይም የታጠፈ አድርጋችሁ እንድትሰሩት ምርጫ ይሰጣሉ። እባካችሁ የታጠፈውን ስሩ፣ ከኮርኒስ ስር ጎማውን ዘርግቶ ሁሌ ሊያርፍ የተዘጋጀ ከሚመስል አየር ላይ እየበረረ ያለ ቢመስል ይሻላል።

ሁለተኛው ያለ ሙጫ ቀጭ እያለ የሚገጥመው ነው፣ የኤርፊክስ ኩዊክ ቢልድና የሬቭል ኢዚ ክሊክ አይነቶቹ። ልጁ ራሱ የሰራውን አውሮፕላን ማታ ማታ ሲያይ ያለውን ደስታ የትኛውም ውድ ሞዴል አይተካውም፣ ለዚ ብቻ እንኳ እኔ ለነዚህ አደላለሁ። ጉድለታቸው ክብደቱ ክንፉ ላይ ከተንጠለጠለ ቀስ በቀስ መገጣጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል፣ ስለዚ ዋናውን ክር ገላው ላይ እሰሩት፣ አስፈላጊ ከሆነም ክንፍና ገላ የሚገናኙበት ላይ ጠብታ ሙጫ ጨምሩበት። እዚ ላይ ሱፐር ግሉ ኮክፒቱ መስታወት አካባቢ አታድርጉ፣ ትነቱ ብቻ የጠራውን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል።

ሶስተኛው ስታንድ ላይ ሚቀመጠው የአየር መንገድ ሞዴል ነው፣ በብዛት 1:200 የሆነው፣ ከእውነተኛው 200 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ለስጦታ ሰው ቶሎ ሚገዛው እሱን ነው፣ አርማው ቀለሙ ሁሉ ያምራል፣ ዋጋውም ከዳይካስቱ ይቀላል። ግን ገልብጣችሁ እዩት፣ ሆዱ መሀል ላይ የስታንዱ ቀዳዳ ቁጭ ብሏል፣ ያው ልጁ ከአልጋው ሆኖ መጀመሪያ ሚያየው እሱን ነው። መድፈን ይቻላል፣ ሆዱ ባብዛኛው ነጭ ወይ ግራጫ ስለሆነ ቀለም ማመሳሰልም አይከብድም፣ ብቻ ያንን እያወቃችሁ ግዙት።

እንጨት ውስጥ ሁለት እርስ በርስ ምንም ማይገናኙ ነገሮች አሉ። ከማሆጋኒ ተፈልፍሎ የሚሰራው ጠንካራ እንጨት ነው፣ ውስጡም ድፍን ነው፣ ትንሽ ከፍ ያለው በቀላሉ ኪሎ ይጠጋል። የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ግርማ አለው፣ ከልጅ ራስ በላይ ቦታ የለውም። ባልሳው ግን ሌላ ዓለም ነው። ቀጫጭን የእንጨት አጥንቶች ተገጣጥመው በስስ ወረቀት የሚሸፈነው አሰራር፣ ክንፉ 60 ሴንቲሜትር ሆኖ 100 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። እሱ ላይ ነው ልቤ ያለው። ጠዋት ብርሃን ከጎን ሲመጣ በወረቀቱ ውስጥ የክንፉ አጥንቶች በሙሉ ከስር ይታያሉ፣ ልጁ አውሮፕላን ውስጡ እንዴት እንደሚሰራ ማንም ሳያስተምረው እያየ ያድጋል። ችግሩ ኪቱን መስራት ትዕግስት ይፈልጋል፣ ስል ምላጭ ስላለው አዋቂ ነው ሚሰራው፣ ወረቀቱም ኳስ አንዴ ከነካው ይቀደዳል። ክፍል ውስጥ ኳስ ሚጠልዝ ልጅ ካላችሁ ለጊዜው ተዉት።

ፎም ደሞ አለ፣ በእጅ እየተወረወረ የሚበረው አይነት። ከሩቅ ያምራል፣ ከቅርብ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ቢወድቅ ማንንም አይጎዳም፣ ልጁ ሲፈልግ አውርዶ ሜዳ ወስዶ ይወረውረዋል፣ ማታ ተመልሶ ይሰቀላል። ስትገዙ ሁለት አይነት መሆኑን እወቁ፣ ኢፒፒ የሚባለው ታጥፎ ይመለሳል፣ ኢፒኤስ የሚባለው ያ ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ነው፣ ይሰበራል፣ ፍርፋሪውም ሁሉ ቦታ ይበተናል። ኢፒፒውን ምረጡ።

የሌጎን ኮንኮርድ (ያ ከድምፅ ይፈጥን የነበረው የመንገደኛ አውሮፕላን) ሊሰቅሉ ሚያስቡ ሰዎች አይቻለሁ። እሱ ከ2000 በላይ ቁራጭ ያለው፣ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ለአዋቂ የተሰራ ሞዴል ነው፣ ኮርኒስ ላይ አታስቡት። የካርቶንና የወረቀት ሞዴል ቀላልም ርካሽም ነው፣ እርጥበት ባለበት ክፍል ግን ይጎብጣል።

አሁን ስኬል፣ ያ 1:200 ምናምን የሚለው ቁጥር። ቁጥሩ በተለቀ ቁጥር ሞዴሉ ያንሳል፣ ስንትና ስንት ሰው ኦንላይን አዞ የመዳፍ ሩብ የምታክል ነገር የደረሰችው በዚ ነው። ቦይንግ 747-400 ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 64.4 ሜትር ነው፣ በ1:400 16 ሴንቲሜትር፣ በ1:200 32፣ በ1:144 45 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ ስፒትፋየር ግን 11.2 ሜትር ብቻ ስለሆነ በ1:72 ወደ 16 ሴንቲሜትር፣ በ1:48 23፣ በ1:32 35 ነው። ያ ቀዩ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባለ ሶስት ክንፍ ፎከር ደሞ 7.2 ሜትር ነው፣ በ1:72 10 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ከኮርኒስ ስር ነፍሳት ነው ሚመስለው። ከ2 ሜትር ርቀት ደህና ሆኖ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ከ25 እስከ 45 ሴንቲሜትር ባለው ክንፍ ውስጥ ሁኑ ነው ምላችሁ፣ ከዛ በላይ ለሆነ ትልቅ ክፍል ነው፣ እሱም ባልሳ ወይ ፎም ሲሆን። እና ስኬሉን ብቻ አይታችሁ አትዘዙ፣ የእውነተኛውን አውሮፕላን ክንፍ ለስኬሉ አካፍሉት።

ከስር ምን ይመስላል ወዳልነው ስንመለስ፣ ብዙዎቹ የውጊያ አውሮፕላኖች ሆዳቸው ሆን ተብሎ ሰማይ እንዲመስል በፈዛዛ ቀለም ነው ሚቀባው፣ መሬት ላይ ያለው ሰው እንዳያያቸው። ነጭ ኮርኒስ ላይ ስትሰቅሉት እዛም ስራውን ይሰራል፣ አይታይም። ከነሱ ውስጥ ከፈለጋችሁ በፈረንጆች ጁን 1944 እንግሊዝና አሜሪካ ከአጋሮቻቸው ጋር ጀርመን የያዘችውን የፈረንሳይ ኖርማንዲ ሲወሩ የነበረውን ቀለም ፈልጉ፣ የራሳቸው ወታደሮች በስህተት እንዳይተኩሱባቸው ክንፋቸው ስርና ገላቸው ላይ ጥቁርና ነጭ ወፋፍራም መስመር ተቀብቶ ነበር፣ ከታች ሆኖ እንዲለይ ተብሎ የተቀባ ስለሆነ ለዚ ጉዳይ ተስማሚ ነው። ለትርኢት የሚገለባበጡት ትንንሽ አውሮፕላኖችም ሆዳቸውና ጀርባቸው የተለያየ ደማቅ ቅርፅ አለው፣ ተመልካቹ የቱ ጋ እንደተገለበጠ እንዲያውቅ፣ እነሱ ኮርኒስ ላይ በጣም ያምራሉ። በቅርፅ ከሆነ የኮንኮርድ ሶስት ማዕዘን ክንፍና የስፒትፋየር ሞላላ ክንፍ ከስር ነው ይበልጥ ሚታወቁት። ውሃ ላይ የሚያርፈው ካታሊና ሆዱ ጀልባ ስለሆነ ልጅ ይወደዋል፣ በ1:72 44 ሴንቲሜትር ነው። ድርብ ክንፍ ያላቸው ከስር ሲታዩ የታችኛው ክንፍ ሁሉን ይሸፍናል፣ በመካከላቸው ያሉት ሽቦዎችም አቧራ ይሰበስባሉ፣ እነሱን ለመደርደሪያ አቆዩአቸው።

ዕድሜ ላይ ቀልድ የለም። ለሕፃን አልጋ ከሆነ እነዚህ ሞዴሎች አንዳቸውም አይሆኑም፣ ለዛው ተብለው የሚሰሩ ተንጠልጣይ መጫወቻዎች እንኳ ሕፃኑ 5 ወር ሲሞላው ወይም በእጅና በጉልበቱ መነሳት ሲጀምር፣ ቀድሞ በመጣው፣ መውረድ አለባቸው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክፍል ፕሮፔለር፣ አንቴና፣ ሚሳኤል የሚባሉ ረገፍ ረገፍ የሚሉ ክፍሎች ያሉበትን አታስገቡ። ካርቶኑ ላይ 14+ የሚል ካያችሁ ደሞ "ከባድ ነው" ማለት ብቻ አይመስላችሁ፣ አውሮፓ ውስጥ የመጫወቻ ደህንነት ህግ የሚያየው ከ14 ዓመት በታች የሚጫወቱበትን ነው፣ ስለዚ 14+ የተባለው እንደ መጫወቻ ላይመረመር ይችላል፣ ቀለሙም ሹል ጫፉም። መብራት ያለው ከሆነ የባትሪው ክዳን በብሎን የሚዘጋ ይሁን፣ ያቺ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች።

እንግዲህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የኢፒፒ ፎም። ከ7 ወይ 8 ጀምሮ ያለ ሙጫ የሚገጥመው፣ አብራችሁ ስሩት፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዕድሜ አይታችሁ። ከፍ ላለና ትዕግስት ላለው በ1:48 ወይ ለትልቅ አውሮፕላን በ1:144 የሙጫ ኪት። ቤት ውስጥ እጁ የሚሰራ አዋቂ ካለ ደሞ ባልሳ፣ ያለ ምንም ማመንታት። ክብደቱን ሻጩን ጠይቁት፣ የካርቶኑን ሳይሆን የሞዴሉን፣ እኔ ልጅ ክፍል ውስጥ ከ300 ግራም በላይ አልሰቅልም።

አሰቃቀሉ ላይ፣ በአንድ ክር የተሰቀለ አውሮፕላን ነፋስ በነካው ቁጥር ይሽከረከራል፣ በሶስት ስቀሉት፣ ሁለቱ ክንፎቹ ላይ ወደ ገላው ጠጋ ብሎ፣ አንድ ወደ ጭራው። ከክንፎቹ ክሮች አንዱን ትንሽ ብታሳጥሩት አውሮፕላኑ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ሊታጠፍ ያለ ይመስላል፣ ልጁም ሆዱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም ያያል። ለክር የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሆናል፣ ግን ቋጠሮ ጥንካሬውን በጣም ይቀንሰዋል፣ ስለዚ የሞዴሉን ክብደት 10 እጥፍ የሚችል ግዙ፣ ናይለን ስለሚያንሸራትት ቋጠሮውን ደጋግሙት። መንጠቆው ኮርኒሱን በያዘው ሞራሌ ውስጥ ይግባ፣ ኮንክሪት ከሆነ በትራፓኖ በስታችሁ በፊሸር። ጂብሰም ቦርድ ላይ ዝም ብሎ የገባ ቪቴ ይወጣል፣ የሚለጠፍ መንጠቆም ለኮርኒስ ተብሎ ካልተሰራ አትመኑት።

ቦታው ከትራስ በላይ አይሁን፣ አልጋው ግርጌ ወይ ማዕዘኑ ጋ አድርጉት፣ ተኝቶም በደንብ የሚታየው ከዛ ነው። አልጋ ላይ ቆሞ ሲዘል እጁ አይድረስበት፣ ከቬንትሌተርና ከአምፖል ይራቅ፣ ፖሊስታይሪን በ100 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት ጋ ከሆነ ስቲከሩ ይደበዝዛል፣ ናይለኑም ይደክማል። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አውርዱ፣ በዛው እጃችሁ ክሮቹን ከመንጠቆው እስከ ቋጠሮው ዳሱ፣ የሻከረ ካገኛችሁ ቀይሩት።