ወንድሜ እጅ ላይ ያሰርኳት የእንቅልፍ ሰዓት፦ ከ5 ኮከብ 3

ይቺን ሰዓት የገዛኋት ለስፖርት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ባይፖላር አለበት፤ ስሜቱ አንዴ ከልክ በላይ የሚግልበት (ማኒያ የሚሉት)፣ አንዴ ደግሞ በድብርት የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም ነው። ሐኪሙ «እንቅልፉን ተከታተሉ፤ ለተከታታይ ቀናት ካጠረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ይዛችሁት ኑ» ሲለን መርካቶ ወርጄ እንቅልፍ ትለካለች ከሚሏቸው ርካሿን አነሳሁ። ይኸው ስድስት ወር ሆናት።

ቀላል ናት፣ ሲተኛ አትጎረብጠውም፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሳምንት ትቆያለች። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የወደድኩት ግን የሳምንቱን ግራፍ ነው። ጥር ላይ እንቅልፉ ከ7 ሰዓት ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 3 ሲወርድ ቁጭ ብለን አየነው። እማዬማ ደስ ብሏት ነበር፣ «ልጄ በረታ፣ በሌሊት ተነስቶ ግቢውን ጠረገልኝ» እያለች። ግራፉን ይዘን ሄድን፣ መድኃኒቱ ተስተካከለ፣ ሆስፒታል ሳይገባ ተረፈ።

አሁን ወደ ጉዷ። ጋደም ብሎ ስልክ ሲነካካ «ተኝቷል» ብላ ትመዘግባለች። በዚያው በጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ 8,000 እርምጃ ስለሞላ «እንኳን ደስ አለህ» ብላ ርችት ተኮሰችለት። እሱም አመናት!

ዋናውን ነገር ደግሞ ጭራሽ አታውቀውም። እኔም የቤት ኪራይ ሳሰላ 3 ሰዓት ብቻ የምተኛበት ሌሊት አለ፣ ለሷ ሁለታችንም አንድ ነን። እኔ ግን መተኛት እየፈለግኩ ነው ያቃተኝ፣ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ። እሱ እንቅልፍ አያሰኘውም። 3 ሰዓት ተኝቶ ፍም መስሎ ይነሳል፣ ወሬው ይፈጥናል፣ እስከ ምሳ ሦስት ቢዝነስ ይከፍታል። የማኒያ ምልክቱ ይሄኛው ነው። ነገሩ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይሄዳል፤ ማኒያ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣትም ማኒያ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ማደር፣ የሌሊት ጉዞ፣ ጫት፣ ለሱ ቀርቷል።

«ታዲያ እኔንም ይይዘኝ ይሆን?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ባይፖላር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ጭንቀት ወይም ድብርት ነው አለኝ። ግን ወላጅ ወይም ወንድም እህት ካለበት ሥጋቱ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ ባይፖላር ያለባቸውን ወላጆች ልጆች ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችም የእንቅልፍ መዛባት በኋላ በታመሙት ላይ ቀደም ብሎ ይታይ እንደነበር አይተዋል። የድብርት መድኃኒትም ዝም ብለሽ እንዳትጀምሪ አለኝ፣ ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻውን ሲሰጥ ወደ ማኒያ ሊገፋ ይችላልና።

አሁን ከሰዓቷ አጠገብ የ20 ብር ደብተር አለን። ጠዋት ጠዋት የሷን ቁጥር እንጽፍና ጎኑ ላይ «ደክሞሃል?» ብለን ጠይቀን መልሱን እናስገባለን። በሽታ ታውቅልኛለች ብላችሁ ከሆነ ብራችሁን ያዙ። የታወቀ በሽታ ለመከታተል ከሆነ ግዟት፣ ግን ትርፍ ማሰሪያ አብራችሁ ያዙ፤ የኛ በአራተኛው ወር ተበጥሷል።