ለትልልቅ ፎቶዎች የሚሆን የአሉሚኒየም ዜድ ማንጠልጠያ፦ ከሽቦ ይሻላል?

ለፎቶ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ገንዘቡ ሁሉ ለኅትመትና ለፍሬም ይወጣና ማንጠልጠያ ላይ ሲደረስ ሽቦና ሚስማር ይበቃል ይባላል። ለ30 በ40 ሳንቲሜትር ፎቶ በርግጥ ይበቃል። 1 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነውን በሽቦ መስቀል ግን ፎቶውንም ተመልካቹንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ለዚህ መጠን ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ዕቃ ዜድ ማንጠልጠያ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሁለት የታጠፉ የአሉሚኒየም ባሮች ናቸው። አንዱ አፉን ወደ ታች አድርጎ የፍሬሙ ጀርባ ላይ፣ ሌላው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ግድግዳው ላይ ይታሰርና ፎቶው ከላይ ወርዶ ይቀመጣል። ክብደቱ በባሩ ርዝመት ስለሚከፋፈል አንድ ቪቴ ላይ አይወድቅም። ከተሰቀለ በኋላም ወደ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል፤ ቀዳዳው በ1 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ቢስት እንደገና መብሳት አያስፈልግም። ሽቦ ግን በር በተዘጋ ቁጥር ፎቶውን ያዘማል፣ በተወጠረ መጠንም የፍሬሙን ጎኖች ወደ ውስጥ ይጎትታል።

ክብደት ሳይሰላ ባር አይገዛም። መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ለ1 በ1.5 ሜትር ፎቶ የ3 ሚሊ መስታወት ብቻውን ከ11 ኪሎ ያልፋል፤ አክሪሊክ (እንደ መስታወት ግልጽ የሆነ ፕላስቲክ) በዚያው ውፍረት ከግማሽ ያነሰ ነው። አክሪሊክ ይመረጥ፣ ነገር ግን አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አይንካው፤ ይደበዝዛል። በደረቅ ጨርቅ ከታሸ ደግሞ አቧራ ይስባል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከግድግዳው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አዳራሾች የብሎኬት ግድግዳ ያላቸውና የተለሰኑ ናቸው። ልስኑ እስከ 3 ሳንቲሜትር ከሆነ አጭር ፊሸር (ቪቴው የሚነክስበት የፕላስቲክ መያዣ) እዚያው ልስን ውስጥ ይቀራል፤ ጥቂት ቀን ይዞ ይቆይና ልስኑን ገንጥሎ ይወርዳል። ፊሸሩ ከልስኑ አልፎ ብሎኬቱን መያዝ አለበት፤ 8 ቁጥር ፊሸር፣ 8 ቁጥር ፑንታ (የድሪል መብሻ)፣ 5 ሚሊ ቪቴ። ድሪሉ ልስኑን አልፎ ብሎኬቱ ላይ ሲደርስ የድሪሉ የመዶሻ ምት ይጥፋና በመዞር ብቻ ይበሳ። መዶሻው የብሎኬቱን ቀጭን ግድግዳ ከውስጥ ይሰብረዋል፣ ፊሸሩም ባዶው ውስጥ ከቪቴው ጋር አብሮ ይዞራል። የቀዳዳው ዱቄት ካልተነፋም ያው ነው፣ አይነክስም። ለጂፕሰም ቦርድ ከኋላ የሚከፈት ፊሸር ይፈለጋል፤ ተራው አይሠራም።

ቁመቱን ለማውጣት የፎቶው መሃል ከወለል 1.50 ሜትር ላይ ይሁን። ፍሬሙ 100 ሳንቲሜትር ቁመት ኖሮት ባሩ የሚያርፍበት ቦታ ከአናቱ 12 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ፣ 150 ሲደመር 50 ሲቀነስ 12፣ የግድግዳው ባር ማረፊያ 188 ላይ ይሆናል ማለት ነው። 12ቱ መለካት ያለበት ሁለቱ ባሮች ተቆላልፈው ነው። ከቪቴው ቀዳዳ የለካ ሰው ረድፉን በሙሉ ዝቅ ወይም ከፍ ያደርገዋል፣ ያውም ውሃ ልክ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ስሕተቱ ቶሎ አይገኝም። ከብዙ አገር ፎቶ የሚሰበሰብበት ዝግጅት ላይ የፍሬሞቹ ጀርባ አንድ ዓይነት ስለማይሆን፣ ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ ፍሬም ጀርባ በወረቀት ፕላስተር ላይ ይጻፍ።

ዕቃው ጉድለት አለው። ባሩ የፍሬሙን አናት ከግድግዳው ስለሚያርቅ፣ ከታች በባሩ ውፍረት ልክ ሁለት ጎማ ካልተለጠፈ ግርጌው ወደ ግድግዳው ይገባና ፎቶው ወደ ፊት ይጋደላል። ለመስቀልና ለማውረድ ፎቶው ወደ ላይ መነሣት ስላለበት ከአናቱ 2 ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ሁለት ረድፍ ተጠጋግቶ ሲሰቀል የታችኛው ይቅደም፤ በኋላ የታችኛውን ለማውረድ ግን የላይኛው መውረዱ ግድ ነው። ማንም ሰው ከፍ አድርጎ ሊወስደው መቻሉም አለ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ አዳራሽ ከታች መቆለፊያ ሳይጨመር ይህን ማንጠልጠያ መጠቀም አይመከርም።

ስትሰቅሉ ሁለት ሰው ፍሬሙን ከጎንና ከሥር ይያዝ፣ ሦስተኛው ከጎን ሆኖ ባሩ መግባቱን ይይ። ጓንቱ የናይትሪል ይሁን፤ የጥጡ ያንሸራትታል። ከዚያ ፎቶው ሳይለቀቅ ወደ ታች ቀስ ተብሎ ይጫን፤ ግማሽ የገባ ባር ሙሉ የገባ ይመስላል።