የሚጠብቅ አስተማሪ፦ ካን አካዳሚን ከልጄ ጋር ለ8 ወራት ተጠቅመን ያየነው

ባለፈው ጥቅምት አንድ ምሽት የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሲደመሩ ሁለት ሰባተኛ ይሆናሉ ብላ ጽፋለች። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ጋር ደምራ ነው። ሁለት ሰባተኛ ከአንድ ሦስተኛ እንደሚያንስ፣ ማለትም ደምራ ያገኘችው ውጤት ከመነሻዋ ያነሰ መሆኑን ልብ አላለችም። ስህተቱ ብዙም አላስደነገጠኝም፤ ያስደነገጠኝ በየዓመቱ «ተዛውራለች» የሚል ካርድ ይዛ መምጣቷ ነው። በታችኞቹ ክፍሎች ያልገባት ነገር ማንም ሳያውቅበት እስከ 7ኛ ክፍል አብሯት ተጉዟል።

አስተማሪዋን ለማነጋገር ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ቅን ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ከ60 በላይ ተማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ እንዳላቸው፣ የመጽሐፉንም ምዕራፎች በተያዘላቸው ጊዜ መጨረስ እንደሚጠበቅባቸው ነገሩኝ። ወደ ኋላ ተመልሰው ለአንዲት ልጅ የክፍልፋይን መሠረት የሚያስይዙበት ፋታ የላቸውም። ካን አካዳሚ የተባለውን በኢንተርኔት የሚሰጥ የትምህርት አገልግሎት የጀመርነው በዚያው ሳምንት ነው። እስከ አሁን ድረስ በሳምንት አራት ምሽት፣ በየምሽቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ተጠቅመንበታል። ይህን ግምገማ የምጽፈው እንደ እኔ ልጃቸው በሒሳብ ወደ ኋላ የቀረችባቸው ወላጆች ገንዘብም ጊዜም ከማውጣታቸው በፊት አገልግሎቱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ እንዲያውቁ ነው።

ካን አካዳሚ ለትርፍ ያልተቋቋመ የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ ዋናው አገልግሎቱም በነጻ ይገኛል። መሥራቹ ሳልማን ካን በ2004 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተቀጥሮ በሚሠራበት ጊዜ፣ ኒው ኦርሊያንስ የምትኖር ታዳጊ ዘመዱን ከሥራ በኋላ በስልክና በኢንተርኔት ሒሳብ ያስጠናት ነበር። ልጅቷ የተቸገረችው አንዱን የመለኪያ አሃድ ወደ ሌላው መለወጥ ነበር። ሌሎች ዘመዶችም ሲጨመሩበት በ2006 ማብራሪያዎቹን እየቀረጸ ዩቲዩብ ላይ ማስቀመጥ ያዘ፤ በ2008 ደግሞ ድርጅቱን አቋቋመ። የአገልግሎቱ ጠባይ ከዚህ አጀማመር የመጣ ይመስለኛል፤ መነሻው ሙሉ ክፍል ሳይሆን አንዲት ልጅ የተደናቀፈችበት ቦታ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪዋ በአንድ ርዕስ ላይ አጭር ማብራሪያ ከተመለከተች በኋላ ጥቂት ጥያቄዎች ያሉት መልመጃ ትሠራለች። ከጥያቄዎቹ 70 በመቶውን ከመለሰች ርዕሱን እንደተዋወቀችው ይመዘገብላታል፤ ሁሉንም ከመለሰች አንድ ደረጃ ከፍ ትላለች። የመጨረሻው ደረጃ ግን በዚያው ቀን አይገኝም። ከሌሎች ርዕሶች ጋር ተቀላቅሎ በሚመጣ ፈተና ላይ ያንኑ ነገር እንደገና በትክክል መሥራት አለባት፤ እዚያ ከተሳሳተች ደረጃዋ ይወርዳል። ፍንጭ ከጠየቀች ያ ጥያቄ እንዳልተመለሰ ይቆጠራል። መልመጃውን የፈለገችውን ያህል ጊዜ ደግማ መሥራት ትችላለች፤ ማንም አይቆጣትም፣ ማንም አይስቅባትም፣ ደወልም አይደወልም።

የመጀመሪያው ሥራችን የ7ኛ ክፍልን ትምህርት መክፈት አልነበረም። «ለ7ኛ ክፍል መዘጋጃ» የሚባል ክፍል አለው፤ ከዚያ ጀመርን። እርሱም ሲከብዳት የ5ኛውን፣ ቀጥሎም የ4ኛውን ክፍል ክፍልፋይ ከፈትን። ስልኬን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን፣ ደብተሩን ከፊቷ ዘርግታ፣ እኩል ክፍልፋዮችን የሚያሳዩ የተቀቡ ዘንጎች እያየች ሦስት ምሽት እዚያው ርዕስ ላይ ቆየች። በሦስተኛው ምሽት ጥያቄዎቹን ሁሉ መለሰች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ግን ማስረዳት አልቻለችም። እኔም ተነሥቼ አንድ እንጀራ አመጣሁና በ12 እኩል ቦታ ቆረጥሁት። አንድ ሦስተኛውን አንሺ ስላት አራት ቁራጭ አነሣች፤ አንድ አራተኛውን ስላት ሦስት ቁራጭ ጨመረች፤ ቆጥራም ሰባት አለች። «ለካ 12ቱ እኮ አይደመርም፣ 12ቱ ስሙ ነው» አለችኝ። ታህት የቁራጩ ስም መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ዓረፍተ ነገር እኔ አላውቅም። ዘንጎቹን ለሦስት ምሽት ደጋግማ ባታያቸው ኖሮ እንጀራውም ብቻውን ያንን አያመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ «እስኪገባህ ድረስ አትለፍ» የሚለው አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ወላጆቻችን ያውቁታል። ከየኔታ ዘንድ አብረው የተቀመጡ ልጆች በትምህርት እኩል አልነበሩም። አንዱ ገና ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሦስተኛው መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ ንባብ፣ ከዚያም በውርድና በቁም ንባብ ይወጣል፤ የበረታው ደግሞ ዳዊት ይደግማል። እያንዳንዱ በተራው የኔታ ፊት ቀርቦ የራሱን ቁጥር ያሰማል፤ ከተሳሳተ ይመለሳል፤ ካጠራው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከፍ ያለው ልጅ ዝቅ ያለውን ያስቆጥራል። አለንጋው እንዲመለስ ፈጽሞ አልመኝም፤ ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፍጥነት መስጠት ከውጭ የመጣ አዲስ ግኝት ተደርጎ ሲነገር መስማቴ ያሳዝነኛል።

እኔ ራሴ የተማርሁት በተቃራኒው መንገድ ነው። 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም.፣ የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባበት ጊዜ ነበር፤ ሁላችንም «ፕላዝማ» እንለው ነበር። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት የሚሠራጭ ሲሆን፣ በአገሪቱ ባሉ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ደቂቃ አንድ ዓይነት ነገር ይታይ ነበር። መምህሯ በፈጣን እንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ ጥያቄ ታቀርባለች፣ ለመልሱ ጥቂት ጊዜ ትሰጣለች፣ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። የክፍላችን አስተማሪ በመግቢያና በመዝጊያ በተሰጧቸው ጥቂት ደቂቃዎች የቀረውን ለማዳን ይጥሩ ነበር። ከዚህ የተማርሁት ቴክኖሎጂ በራሱ ትምህርትን ለልጁ እንደማያስማማ ነው። ፕላዝማውም ቴክኖሎጂ ነበር፤ ነገር ግን ከሰው ይልቅ የሚቸኩል፣ ጥያቄ የማይቀበል፣ ሁሉን በአንድ ልክ የሚሰፋ ቴክኖሎጂ ነበር። ካን አካዳሚ ላይ ቪዲዮውን የምታቆመው ልጄ ናት፤ ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም ለእኔ ዋናው ነገር እርሱ ነው።

በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ለአንድ እየተማረ ያልገባውን ሳያጠራ የማያልፍ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ገልጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነው፤ አንድ ለአንድ ማስጠናት እንደሚጠቅም ግን ደጋግመው አሳይተዋል። ብሉም የጠየቀው ይህን ጥቅም በሚቻል ወጪ ለብዙ ልጆች እንዴት ማዳረስ ይቻላል ብሎ ነው። በእኛ አገር ጥያቄው ምን ያህል እንደሚያስቸኩል ለማየት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ማስታወስ ይበቃል። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ልጄ ደብተር ላይ ያየሁት ዓይነት ክፍተት ሳይደፈን ከዓመት ዓመት ሲሻገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር ልምጣ። የተጠቀምንበት ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ተምራ በ7ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ስለተሻገረች፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቃታት ሒሳቡ ይሁን ቋንቋው ለመለየት ተቸግሬ ነበር። መፍትሔ ያገኘነው ከደብተሯ ጀርባ መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ነው፤ በአንድ ወገን ኒውመሬተር፣ በሌላው ላዕል፤ በአንድ ወገን ዲኖሚኔተር፣ በሌላው ታህት፤ ትንሹ የጋራ ብዜትንም በለመደችው አጠራር «ትጋብ» ብላ ጻፈችው። ዝርዝሩ ከ40 ቃላት ሲያልፍ የቃላት ጥያቄዎችን ያለ እኔ እርዳታ ማንበብ ጀመረች። እንግሊዝኛ የማያነብ ወላጅ ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ በዕድሜ ከፍ ያለ እኅት ወይም ወንድም ቢያግዝ ግን ይቻላል።

የትምህርቱ ቅደም ተከተልም የተዘጋጀው በአሜሪካ የክፍል ደረጃ ስለሆነ ከእኛ መጽሐፍ ጋር በክፍል ቁጥር ለማዛመድ መሞከር ድካም ነው። እኔ የመጽሐፉን የምዕራፍ ርዕስ አይቼ በርዕስ እፈልጋለሁ። በኢንችና በፓውንድ፣ በአሜሪካ ሳንቲሞች የተሠሩ ጥያቄዎች ሲመጡ እንዘላቸዋለን። የዳታ ወጪን በተመለከተ፣ ቪዲዮው ጥቅል በፍጥነት ይጨርሳል፤ መልመጃው ግን ብዙም አይበላም። በስልክ መተግበሪያው ቪዲዮዎችን ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዶ ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ማየት ይቻላል፤ እኔ በየሳምንቱ ዓርብ ከመሥሪያ ቤት አውርጄ እገባለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ገደብ ሌላ ነው። መልመጃው የሚያየው የመጨረሻውን መልስ እንጂ ልጁ የሄደበትን መንገድ አይደለም። የተሳሳተ መንገድ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛ መልስ ላይ ያደርሳል፤ ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይም በግምት ማለፍ ይቻላል። የኔታ የልጁን ድምፅ ሲሰሙ የሚያውቁትን፣ አፉ የት ላይ እንደተንተባተበ፣ የትኛውን ቃል እንደሸመደደና የትኛውን እንዳነበበ፣ ማሽኑ አይሰማም። ስለዚህ በቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በደብተር ላይ በዝርዝር ይሠራል፣ ከመልመጃውም በኋላ አንዱን ጥያቄ ለእኔ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታስረዳኛለች። አጠገቧ ያልተቀመጥሁባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ በእነዚያ ሳምንታት ያለፈችው ጥቂት ነው። ልጁን ከስልክ ጋር ብቻውን ትቶ ውጤት የሚጠብቅ ወላጅ ባይጀምረው ይሻለዋል።

በ2023 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ካንሚጎ የተባለ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ አስጠኚ አውጥቷል፤ መልሱን ከመስጠት ይልቅ መልሶ እየጠየቀ እንዲመራ ሆኖ የተሠራ ነው። ይህኛው ለቤተሰብ በክፍያ ነው፤ ክፍያውም በዶላር ስለሆነ ለአብዛኞቻችን ቤት የሚሆን አይደለም፤ የነጻው ክፍል እኛን አላጎደለንም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ልጄ በክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት መጀመሯን አስተማሪዋ ነገሩኝ። የካርዷ ውጤትም ተሻሽሏል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን አንድ ምሽት እንድትተኛ ስነግራት «ቆይ፣ ይቺ አልገባችኝም» ብላ መቀመጧ ነው። አልገባኝም ለማለት ታፍር የነበረች ልጅ ናት።

ኢንተርኔት በማይደርስበት አካባቢ ላሉ ወላጆችና አስተማሪዎች አንድ ነገር ልጠቁም። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለው፤ የካን አካዳሚን ቪዲዮዎችና መልመጃዎች ጨምሮ ብዙ የትምህርት ይዘት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫንና፣ ስልኮችና ታብሌቶች በዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ከእርሱ ጋር ይገናኛሉ። ይዘቱን ከተማ ላይ ጭኖ በሃርድ ዲስክ መውሰድ ይቻላል። በእኛም ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል አለ፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ይውላል። በመስከረም የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ሲሰበሰብ ኮሊብሪ እዚያ እንዲጫን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላም ወላጆች በየተራ እየገባን ከልጆቹ ጋር እንድንቀመጥ ጥያቄ አቀርባለሁ። ልጄ ክፍሏ ውስጥ ብዙ ልጆች የሚቸገሩባቸውን ርዕሶች ጽፋ ሰጥታኛለች፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው «የተለያየ ታህት ያላቸውን ክፍልፋዮች መደመር» ይላል።